ጭስ የሌለው የጉዴሌ እሳት

ተካልኝ ከፊት፣ ማናህሎሽ ከመሐል፣ ዙልፋ ከኋላ ሆነው ከጁባው ጉዴሌ ሰፈር ወደ ምዕራብ በሚወጣው የጭቃ መንገድ ላይ እግሬ አውጪኝ ብለዋል። ከዙልፋ ጫማ አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀርቷል፤ ለማንሳት አልቆመችም። የልጅ ልጇን ኢፍራህን አዝላ፣ በአንድ እጇ ፔርሙዝ፣ በሌላው ሁለት ትልልቅ የሃይላንድ ውሃና አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ የያዘ ፌስታል አንጠልጥላ፣ በዕድሜዋ ሮጣ የማታውቀውን ሩጫ ትሮጣለች። ከኋላቸው፣ ሱቋ ባለበት በኩል፣ ከባድ መሣሪያ በጮኸ ቁጥር መሬቱ ከእግሯ ሥር ይርዳል። ሕፃኗ ግን፣ አይ የልጅ ነገር፣ ለጥ ብላ ተኝታለች።

የሁለት ሺህ ስምንት ሐምሌ ገና መግባቱ ነው። ዓርብ ማታ በቤተ መንግሥቱ በኩል የጀመረው ተኩስ ቅዳሜን ረገብ ብሎ ስለዋለ፣ የአገሩ የነጻነት በዓልም ያለ ዘፈን ያለ ሰልፍ ስላለፈ፣ ሰዉ ሁሉ አበቃ ብሎ ነበር። ዙልፋም አበቃ ብላ እሑድ ጠዋት ሱቋን ልትከፍት ቁልፏን አውጥታ ነበር። የት ያበቃል። ዞሮ ዞሮ ጉዴሌ መጣ። ማን በማን ላይ እንደሚተኩስ የሚተነትኑ አዋቂዎች ሞልተዋል፤ ልጅ አዝሎ ለሚሮጥ ሰው ግን ጥይት ያው ጥይት ነው።

ተካልኝ የወሰዳቸው እሱ የሚሠራበት የኮንስትራክሽን ድርጅት ሰፈሩ ጫፍ ላይ ጀምሮ ወደተወው ሕንፃ ነው። ምሰሶና ግማሽ ግድግዳ እንጂ ጣራ የሚባል የለውም። ከኋላው ዝናብ ሲጥል የሚሞላ፣ ሳይጥል ደረቅ አሸዋ የሆነ ኾር አለ። ጥበቃው ሁሉን ጥሎ ሄዷል። ተካልኝ ሳይት ኢንጂነር ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቀጭን ወጣት፣ ዙልፋና ማናህሎሽ በሚኖሩበት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር። ተኩሱ ሲጠጋ ሁለቱን ሴቶች ከየበራቸው ጎትቶ ያወጣቸው እሱ ነው። በአንድ ላይ እንዲሮጡ ማድረጉ ራሱ ተአምር ነበር።

ምክንያቱም ዙልፋና ማናህሎሽ ሆድና ጀርባ ናቸው። ዙልፋ ከመርካቶ መጥታ ጁባ ላይ ስኳርና ዱቄት በጅምላ የምታከፋፍል፣ መካ ደርሳ የተመለሰች፣ አበሻውም አገሬውም "ሐጃ" የሚላት ሴት ናት። ማናህሎሽ ደግሞ ከዙልፋ መጋዘን ጎን ባለችው ክፍል አረቄ ትሸጣለች። ያውም ተራ አረቄ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ የወጣ ዳግም፣ ክብሪት ቢጭሩበት ቦግ የሚል። ደንበኛ ሲጠራጠር ማናህሎሽ በማንኪያ ቀድታ ትለኩስለታለች፤ ከነደደ ይጠጣል፣ ካልነደደ ገንዘቡ አይወሰድበትም። ረመዳን ውስጥ አንዱ ሰካራም የዙልፋን በር ተደግፎ ሲያንጎራጉር አምሽቶ ሄደ። በማግስቱ ዙልፋ አከራያቸው ዘንድ ሄዳ ወይ እሷ ወይ እኔ አለች፤ አከራዩም ማናህሎሽን ከዒድ በኋላ ትወጫለሽ አላት።

ዒድ ደረሰ። ማናህሎሽ ቤት አላገኘሁም ብላ ለመነች። ዙልፋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግትር ናት እንጂ። በራሷ አንደበት ቀነ ቀጠሮ ቆረጠችላት። ከዒድ በኋላ ባለው በሸዋል ወር ስድስት ቀን መጾም ትልቅ ምንዳ አለው፤ ሰው እንደ አቅሙ አከታትሎም አፈራርቆም ይጾመዋል። "ስድስቱን ሸዋል ልጹም፤ እኔ ጾሜን ስጨርስ ያኔ ትወጫለሽ" አለቻት። ማናህሎሽም እሺ ብላ ዕቃዋን በየካርቶኑ እየከተተች በረንዳው ላይ መደርደር ጀመረች፤ ከዙልፋ የውሃ ካርቶኖች ጎን። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

የኢፍራህ እናት፣ የዙልፋ ልጅ ዓፊፋ፣ ኮሎሎ በሚባለው የከተማው ሰፈር ከሚገኝ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ትሠራለች። ዓርብ ለሥራ እንደወጣች መንገዱ ተዘግቶባት እዚያው ቀረች። ባሏ ማሂር ዕቃ ሊጭን አዲስ አበባ ሄዷል። እሑድ ረፋድ፣ ኔትወርኩ ከመጥፋቱ በፊት፣ ዓፊፋ ለመጨረሻ ጊዜ ደውላ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። "እማ፣ ውሃ ሳታፈዪ ወተት እንዳትበጠብጪላት። ከተማው ውስጥ አተት ገብቷል፤ ትናንት እዚህ የጎረቤት ልጅ ሞተ።" ዙልፋ ለልጇ በአላህ ስም ምላ እሺ አለቻት። እንግዲህ ይህ ቃል ነው ከሁሉም በላይ የከበዳት፤ ኢፍራህ ገና መቀመጥ እንኳ ያልጀመረች እንቦቀቅላ ናት።

ሕንፃው ውስጥ እንደገቡ ዙልፋ ግድግዳ ተደግፋ ተንሸራተተች። ያን ቀን ጾመኛ ነበረች፤ ሩጫው ትንፋሿን ወስዶት ዐይኗ ጭልምልም አለ። ማናህሎሽ ሳትጠየቅ ከፔርሙዙ በክዳኑ ቀድታ ከንፈሯ ላይ አስጠጋችላት። ዙልፋ ፊቷን አዞረች። ማናህሎሽ አልተቆጣችም፤ አንቺ ከወደቅሽ ልጅቷን ማን ያዝላታል ብቻ አለቻት። ዙልፋ አንድ ጉንጭ ተጎነጨች። ጾሟ ተፈታ። የተቀረው የፔርሙዝ ውሃ እስከ ማታ የኢፍራህ ሆነ፤ ማታ ላይም አለቀ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያዩት ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጣቸው። ከኾሩ ማዶ ባለ አንድ ግቢ የተደበቁ ሰዎች ምግብ ሊያበስሉ እንጨት አቀጣጠሉ። እንጨቱ ርጥብ ነው፤ ነጭ ጭስ ሰማይ ነካ። ብዙም ሳይቆይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ጭሱን ተከትለው መጡ። ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ ፍራሽና ጀሪካን ተሸክመው ሲወጡ ታየ። ተካልኝ ይህን ሁሉ በጡብ ቀዳዳ አየ። ከዚያ በኋላ እሳት የሚለውን ቃል ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ኢፍራህ በልቅሶ ነቃች። ዙልፋ አልደነገጠችም፤ ሁለት ሙሉ ሃይላንድ አላት፣ የታሸገ ንጹሕ ውሃ ማፍላት አያስፈልገውም። ጡጦው ውስጥ ወተቱን ጨምራ የአንደኛውን ክዳን ስትከፍት ግን ሽታው አፍንጫዋን ሰነጠቀው። ክዳኑ እንዳልታሸገ ያኔ ነው ያየችው። ሁለተኛውን ከፈተች፤ ያው ነው። በጥድፊያ እጇን ሰድዳ ያነሳችው ከራሷ ካርቶን ሳይሆን ከጎኑ ከነበረው ከማናህሎሽ ካርቶን ነው። ማናህሎሽ እንደ ማንኛዋም አረቄ ሻጭ ዳግሟን በባዶ ሃይላንድ ነው የምትሞላው፤ መልኩ ደግሞ ከውሃ አይለይም።

ወይ ጉድ። ዙልፋ እሳት ጎረሰች። ለልጅ ልጇ ብላ ስትሸከመው ያደረችው ነገር ይህ መሆኑ፣ ያን ሁሉ መንገድ ጀርባዋ ላይ ልጅ እጇ ላይ ሐራም ይዛ መሮጧ፣ አንጀቷን አሳረራት። ማንንም ሳታማክር አንደኛውን ጠርሙስ ዘቀዘቀችው። አረቄው እየተንዶቀዶቀ አሸዋው ውስጥ ሰረገ፤ ቀሚሷ ላይም ተረጨ። ሁለተኛውን ስታነሳ ማናህሎሽ ክንዷን ያዘቻት።

"እትዬ ዙልፋ፣ እሱ ይነዳል" አለች በዝግታ። "ጭስ የለውም።"

ዙልፋ እጇ አየር ላይ ቀረ። ያፈሰሰችው ነገር ምን እንደነበር የገባት ያኔ ነው። አሸዋውን አየችው፤ ርጥቡ እንኳ ደርቋል። የገዛ እጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላቷ ሆኖ ታያት። ኢፍራህ ትጮሃለች። በርሜል ውስጥ ለቤቶን ማጠጫ የቀረ፣ ቦቴ ከወንዝ ያመጣው፣ አረንጓዴ የለበሰ ውሃ አለ። እሱን ሳያፈሉ መስጠት የጎረቤቱን ልጅ መንገድ ማስጀመር ነው። አለመስጠትም ያው ነው። እንግዲህ ምን ይዋጣት።

ተካልኝ አንገቱን አከከ። አንድ ነገር አስታውሶ ነበር፣ ግን ለመናገር አፈረ። ማታ ማታ ሥራ ሲፈታ በስልኩ ተራራ የሚወጡ ፈረንጆችን ቪዲዮ ያያል፤ ከለስላሳ ቆርቆሮ ቂጥ ምድጃ ሠርተው፣ በስፒሪቶ ውሃ አፍልተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ምድጃውን ኪሳቸው ከተው ይሄዳሉ። እሱ አንድም ቀን ሠርቶት አያውቅም። ማናህሎሽ ይህን ስትሰማ ቅንድቧን ሰቀለችና ኢንጂነር ሆነህ ስድስት ዓመት የተማርከው ሳይሆን በስልክ ያየኸው ሊያወጣን ነው አለችው። እሱም ፈገግ አለ፤ ሥራውንም ጀመረ።

ጥበቃው ጠጥቶ የጣላቸው የለስላሳ ቆርቆሮዎች በየጥጉ ተበታትነዋል። ተካልኝ ያልተጨማደደውን መርጦ በኪሱ ባለው ከተር ቂጡን ቆረጠ፤ ከቡና ሲኒ ብዙም የማይበልጥ ጎድጓዳ ነገር ወጣ። ጎኑን ዙሪያውን መብሳት አለበት፣ ነበልባሉ በዚያ ነው የሚወጣው። ሚስማሩ ሁሉ ወፍራም ሆነበት። ዙልፋ ከሂጃቧ ላይ የማያያዣ መርፌዋን ነቅላ ሰጠችው። የዱቄት ወተቱን ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ገልብጣ ቋጠረች፤ ጣሳው ጀበና ሆነ። ተካልኝ በፌሮ ማሰሪያ ሽቦ እጀታ አበጀለት። ዙልፋ የውስጥ ሻሿን አጥፋ አጥፋ የበርሜሉን ውሃ አጠለለችበት። ይህ ሁሉ ዕቃ ተሰብስቦ በአንድ መዳፍ ቢያዝ አይከብድም ነበር።

መጀመሪያ ሲለኩሱት ቶሎ ብለው ጣሳውን ጫኑበት፤ እሳቱ ታፍኖ ጠፋ። ተካልኝ ቪዲዮው ላይ ምድጃው እስኪሞቅ ይጠብቁ እንደነበር ትዝ አለው። ሁለተኛ ለኮሱት፣ ጠበቁት፣ ጫኑበት። ውሃው ለብ ከማለቱ ሙቀቱ ቆመ። ማናህሎሽ አጎንብሳ አየችና የአረቄው መንፈስ ነዶ ውሃው ብቻ እንደቀረ ነገረቻቸው፤ ደፍተው እንደገና መቅዳት አለባቸው። ተካልኝ ጣሳውን አነሳ፣ ምድጃው ጠፍቷል ብሎ ጠርሙሱን አዘነበለ።

አልጠፋም ነበር። የዳግም እሳት በፀሐይ ብርሃን አይታይም። ነበልባሉ የሚወርደውን አረቄ ተከትሎ ወደ ላይ ሽቅብ ወጣና የቀኝ እጁን ለበለበው። ጠርሙሱ ከእጁ አምልጦ ወደቀ። ተካልኝ እጁን ጉያው ውስጥ ወሽቆ፣ የሸሚዙን ኮሌታ ነክሶ፣ እንባው እየወረደ ድምፅ ሳያሰማ ተንበረከከ። መጮህ እንደማይችል ያውቃል። ማናህሎሽ ጠርሙሱን ብድግ አድርጋ አፉን በመዳፏ አፈነችው፤ የተረፈው ከግማሽ በታች ነው። መሬቱ ላይ የሚነደውን በአሸዋ ሸፈኑት።

ከላይ ሄሊኮፕተር አለፈ። ኢፍራህ ማልቀስ ትታ ነበር፤ ዙልፋን ከልቅሶው ይልቅ ይህ አስፈራት። ከንፈሯ ደርቋል፣ ዐይኗ ግማሽ ተከፍቶ የሆነ ቦታ ተተክሏል። ዙልፋ ጣቷን አፏ ውስጥ ብታደርግላት እንኳ አልጠባችም። ያ ግትር ልቧ ያኔ ተሰበረ፤ ያ አላህ፣ እኔን በምትፈልገው ቅጣኝ፣ እሷን ተውልኝ አለች በሆዷ።

ከዚያ ተነሳችና ጥቁር አባያዋን አወለቀች። ማናህሎሽ ጫፉን እንድትይዝ ሰጠቻት። ሁለቱ ሴቶች ምድጃውን መሐል አድርገው አባያውን እንደ ድንኳን ዙሪያውን ዘረጉት፤ ነፋሱ ቆመ፣ ውስጡም ጨለመ። ዙልፋ ጠርሙሱን በገዛ እጇ ያዘች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያልነካችውን ነገር ዘይት እንደምትሰፍር ነጋዴ አንዲት ጠብታ ሳታባክን ቀዳችው። ማናህሎሽ ላይተሯን ጫረች። ጨለማው ውስጥ ሰማያዊ አክሊል ተነሳ፤ ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም። ዙልፋ ልጅ ሆና መድረሳ ውስጥ የሰማችው ትዝ አላት፣ ጂኒ የተፈጠረው ጭስ ከሌለው እሳት ነው ይሏት ነበር። ቢስሚላህ አለችና ጣሳውን ጫነች።

ውሃው ጢስ ጢስ ማለት ሲጀምር ነው ከግድግዳው በላይ ጥላ የወደቀባቸው።

አንድ ወታደር ነው። ለብቻው ነው፤ ክላሹን አንግቷል፣ ግራ ክንዱ በቆሸሸ ጨርቅ ታስሮ ደም አርሶታል። የትኛው ወገን እንደሆነ ልብሱ አይናገርም። ወደ ውስጥ ተሻግሮ ገባና በአባያው ዙሪያ የተቀመጡትን ሦስት ሰዎች ተራ በተራ አያቸው። ምን እየሠራችሁ ነው አለ በዓረብኛ። ተካልኝ ሊነሳ ሲል ዙልፋ ትከሻውን ተጫነችው። እሷ በየኬላው የተማረችው አንድ ትምህርት አለ፤ ወታደርን ሁልጊዜ ካለው ማዕረግ አንድ ከፍ አድርጎ መጥራት።

"ያ ሻዊሽ፣ ሰላም ዐለይኩም" አለችው፤ እጁ ላይ አንድም ምልክት የለም፣ እሷ ግን አስር አለቅነቱን ዘላ ሃምሳ አለቃ አደረገችው። የሕፃን ውሃ ነው ብላ አባያውን ገለጥ አደረገችለት። ፀሐዩ ገባ፣ ሰማያዊው ነበልባል ከዐይን ጠፋ። ወታደሩ ያየው አንድ ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠ ጣሳ ብቻ ነው። "ማፊ ናር" አለ፤ እሳት የለም። አእምሯቸውን የሳቱ መስለውት ነበር። ከዚያ አፍንጫው አረቄውን ያዘው፤ ዐይኑ ጠርሙሱ ላይ አረፈ።

ጎንበስ ብሎ የጠርሙሱን አንገት ያዘ። ዙልፋ ቂጡን ያዘች። በዚያች ሰዓት ያያት ሰው ቢኖር፣ ረመዳን ላይ ስለ አረቄ አከራይ ፊት የጮኸችው ሐጃ፣ በሁለት እጇ የአረቄ ጠርሙስ ይዛ ክላሽ ካነገተ ሰው ጋር ስትጓተት ባየ። መድኃኒት ነው፣ ዳዋ ነው አለችው፤ የተካልኝን የተላጠ እጅ ስባ አሳየችው፣ የእሱንም ክንድ በአገጯ አመለከተችው። ቁስልህን ላጥብልህ፣ የቀረውን ግን ለሕፃኗ ተውላት አለችው። ወታደሩ አመነታ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ክንዱን ዘረጋላት፣ ጠርሙሱን ግን አልለቀቀም።

ጨርቁን ፈታችና አፈሰሰችበት። እያንዳንዷ ጠብታ ከኢፍራህ አፍ የምትወጣ ያህል ልቧ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነው ያፈሰሰችው። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ አቃሰተ። ከሻሿ ጫፍ ቀድዳ አሰረችለት። ስትጨርስ ግን፣ ሰው ያው ሰው ነው፣ ጠርሙሱን ወደ አፉ ሊያነሳ ሳበው። እሷም ሳበች። ዐይን ለዐይን ተያዩ።

"ያ ወለዲ፣ ልጄ" አለችው፣ "እኔ ሐጃ ነኝ። ይህን ነገር በእጄ ነክቼው አላውቅም። እሷ ባትሆን ኖሮ ዛሬም አልነካውም ነበር።"

እሱም ወደ ኢፍራህ ዞረ። በዚያው ቅጽበት ጣሳው መዝፈን ጀመረ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ክዳን ያደረጉበትን የጡብ ስባሪ እያንቀጫቀጨ ተፍለቀለቀ። ከሥሩ ግን ምንም አይታይም፤ ፍም የለ፣ ነበልባል የለ፣ ጭስ የለ። ወታደሩ ጣሳውን አየ፣ ዙልፋን አየ፣ እንደገና ጣሳውን አየ። ጠርሙሱን ለቀቀ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና ግንባሩን በእጁ ነክቶ አማተበ፤ ግድግዳውንም ተሻግሮ በኾሩ ወረደ። ፈርቶ ይሁን አዝኖ አላህ ያውቃል። ማናህሎሽ በኋላ ፍርሃት ነው ስትል ተካልኝ አዘኔታ ነው ብሎ ተከራክሯታል፤ ዙልፋን ሲጠይቋት ሁለቱም ይሁንለት አለች።

የቀረችው አረቄ አንድ ጊዜ ለመቅዳት ብቻ በቃች። ውሃው ከተፍለቀለቀ በኋላም ቶሎ አላወረዱትም፤ ምድጃው ራሱ እስኪሞት ጠበቁት። ወተቱን በጥብጠው፣ ጡጦውን በርሜሉ ውስጥ እስከ ወገቡ ነክረው አቀዘቀዙት። ዙልፋ ኢፍራህን ጭኗ ላይ አጋድማ የጡጦውን ጫፍ ከንፈሯ ላይ አደረገች። ምንም የለም። ጉንጯን በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻት። አሁንም ምንም የለም። ማናህሎሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ትንሿ አፍ ጡጦውን ያዘች፣ አንዴ ሳበች፣ አረፈች፣ እንደገና ሳበች፤ ቀጥላም እንደ ጥንቱ በስግብግብነት ትንፋሿ እስኪቆራረጥ መጥባት ያዘች። ዙልፋ ሳታፍር አለቀሰች። ማናህሎሽም አለቀሰች። ተካልኝ የተቃጠለ እጁን እያራገበ አንዴ ወደ ሰማይ አንዴ ወደ ምድጃው ያይ ነበር።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ተኩሱ ጋብ አለ። ማክሰኞ ጠዋት ከብዙ ሰው ጋር ተቀላቅለው በእግራቸው ወደ ኮሎሎ ሄዱ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያዩትን ማንም ለማንም አልነገረም። የድርጅቱ በር ላይ ሲደርሱ ዓፊፋ ጫማ ሳታደርግ ሮጣ ወጣች። ልጇን ነጥቃ አቀፈቻት፣ እግሯን፣ እጇን፣ ሆዷን ነካካች። ከዚያ እናቷን ስታቅፍ ድንገት ቀና አለች።

"እማ፣ ምንድን ነው የሸተትሽው?"

"ዳግም" አለች ዙልፋ ኮራ ብላ።

የበሩ ጥግ ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ አበሾችን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያደርስ መኪና ቆሟል። ተካልኝ እጁን ሊታይ ወደ ውስጥ ገብቷል። ማናህሎሽ ሰነባብታው ስታበቃ ስትሸሽ ይዛት የወጣችውን ትንሽ ፌስታል መኪናው ላይ ወርውራ ወደ ዙልፋ መጣች። ክፍሏ ተዘርፏል፣ ካርቶኖቿም የሉም፤ መንገድ ላይ የሰሙት ይህንኑ ነው። ፈገግ ለማለት ሞከረች።

"በይ ደህና ሁኚ እትዬ ዙልፋ። ውጪ ብለሽኝ አልነበር? ይኸው ቀጠሮዬን ሳላሳልፍ ወጣሁልሽ።"

ቀልድ ነበር፤ ዙልፋን ግን ወሽመጧን በጠሰው። ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። በዕድሜዋ ያልለመደችው ቃል ነው። በምትኩ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ ሱቅ በር ላይ ዋጋ እንደምትከራከር ሆና ተናገረች።

"የትኛው ቀጠሮ ነው የደረሰው? ጾሜን ስጨርስ አይደል ያልኩሽ? መቼ ጨረስኩ? እሑድ የያዝኩትን እንኳ አንቺው ነሽ ያስፈታሽኝ።"

ማናህሎሽ ትክ ብላ አየቻት። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

"ታዲያ መቼ ነው የምትጨርሺው?"

"እኔ አሮጊት ነኝ፣ ቀስ እያልኩ ነው የምጾመው።"

"ሸዋል እኮ ወር ነው፤ ሳትጨርሺ ቢያልቅስ?"

"በየዓመቱ ይመጣል" አለች ዙልፋ፣ እጇንም ወደ መኪናው ዘርግታ ፌስታሉን ራሷ አወረደችው።